ከአርባው በኋላ

ቡታጅራ ዙሪያ ሞት በመዝገብ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በዘቢዳር ተራራ ሥር፣ ያኔ መስቃንና ማረቆ በሚባለው ወረዳ ውስጥ፣ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መረጡ። መረጃ ሰብሳቢዎች ከደጋው እስከ ቆላው ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን አካባቢውን እንደለቀቀ፣ ማን እንደሞተ መመዝገብ ጀመሩ፤ ሥራው ለዐሥርት ዓመታት ቀጠለ። ሰው በሞተበት ቤት ግን ስም ጽፎ መሄድ አይበቃም። ለቅሶው ጋብ ሲል ጠያቂው ተመልሶ ይመጣል። ትኩሳት ነበረው? ያስለው ነበር? ስንት ቀን ተኛ? ጤና ጣቢያ ወስዳችሁት ነበር? ከምላሹ ተነሥተው ሐኪሞች የሞቱን ምክንያት ይለያሉ።

ይህን ሥራ ሳስብ ከቁጥሩ ይልቅ ጥያቄው ይይዘኛል። ለቀስተኛው ሁሉ "ፈጣሪ ያጽናሽ" ብሎ በሄደበት፣ ባሏ በሞተባት ሴት ቤት፣ አንድ እንግዳ ቁጭ ብሎ የሟቹ ሕመም እንዴት እንደጀመረው ከሥር ከመሠረቱ እንድትነግረው ይለምናታል። ሴትዮዋ የባሏን የመጨረሻ ሳምንታት በቅደም ተከተል ታወራለች። ጥያቄው የተዘጋጀው ለሳይንስ ነው። እሷ ግን ማንም የማያውቀውን የምታውቅ ምስክር ሆና ተቀምጣለች፤ ለዚያች ሰዓት ተፈላጊ ሰው ናት። የሚወዱትን ያጡ ሰዎች ከቀድሞው የሰፋ ሕይወት መኖር የሚጀምሩት ከወዴት ነው ለሚለው ጥያቄ የማምንበት መልስ ከዚህ ይነሣል፦ አንድ ሰው መጥቶ ሲፈልጋቸው።

በዚሁ አካባቢ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት አለ። 10,468 ጎልማሶች ተጠይቀው ከመቶ 17 ያህሉ የበረታ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታይቶባቸዋል። ጭንቀቱ ጠንቶ የታየው በሴቶች፣ በአረጋውያን፣ ማንበብና መጻፍ በማይችሉ፣ ገቢያቸው ባነሰ፣ እንዲሁም ትዳራቸው በሞት ወይም በፍቺ በፈረሰባቸው ሰዎች ላይ ነበር። እነዚህ ነገሮች ሁሉ አንድ ሴት ላይ ሲደራረቡ ማየት ብርቅ አይደለም። ባሏ የሞተባት፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ፊደል ያልቆጠረችና እጇ ያጠረ ሴት የሌለችበት መንደር አላውቅም።

እንዲህ ያለችው ሴት ባሏን ስትቀብር ምን እንደሚደርስላት በሁለት የጉራጌ ከተሞች እንይ። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ቡታጅራ ደግሞ በስተምሥራቅ፣ ወደ ሆሳዕና በሚያመራው። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ከተመሠረተ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ናቸው። የአስተዳደር ወሰኑ ቢለያይም በለቅሶ ቤት ሁለቱ ከተሞች አንድ ናቸው። ጎህ ሳይቀድ የእድሩ ጡሩምባ ይነፋል፤ የሟች ስምና የቀብሩ ሰዓት ይለፈፋል። ፀሐይ ሳትጠነክር ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሮ፣ የእድሩ ድስትና ብረት ምጣድ ከዕቃ ቤት ይወጣል። ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቡና ይፈላል። የክርስቲያኑ ቤት ፍትሐቱን፣ የሙስሊሙ ቤት ዱዓውንና ሶደቃውን ያደርሳል። ቡታጅራ ላይ ደግሞ ሁለቱም እምነት ተከታዮች አንድ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማየት የተለመደ ነው።

እድር ጉራጌ ብቻውን የፈጠረው ነው ባይባልም፣ አመጣጡን ያጠኑ ሰዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ከገባው የጉራጌ ሰው ጋር ደጋግመው ያያይዙታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዘመዱ ሩቅ የሆነ ሰው የሚቀብረው ጎረቤት ያስፈልገዋል። ይኸው ሕዝብ ከእድር ባገኘው የመዋጮ ልምድ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መንገድ ለማስቆረጥ ማኅበር አቋቁሞ ከመርካቶ ሱቅ እስከ እንሰት ጓሮ ገንዘብ ሰበሰበ። ቀብር ላይ የተማሩት መተማመን መንገድ እስከ ማውጣት አድርሷቸዋል፤ ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

እድር የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጨርሶ ለብቸኝነት አይሰጥም። ሐዘንተኛው አይርበውም፣ ብቻውን አያድርም፣ ስለ መቃብርና ስለ ሬሳ ሣጥን አይጨነቅም። ያልመጣ አባል ይቀጣል። በሌላው ዓለም ሰዎች በብዙ ገንዘብ የማያገኙት ነገር እዚህ በወር መዋጮ ይገኛል።

ከዚያ ግን ድንኳኑ ይነቀላል። ሠልስቱ አልፎ፣ አርባው ወጥቶ፣ የሩቅ ዘመድ ተሳፍሮ ከሄደ በኋላ ቤቱ የሚገባበት ጸጥታ አለ። የሙስሊሟ ሚስት ኢዳ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፤ ክርስቲያኗም ጥቁሯን ዓመት ሙሉ ትለብስ ይሆናል። ልብሱና ቀኑ ይቆጠራል፤ እሷ ራሷ ግን እየተረሳች ትሄዳለች። ያኔ ነው የሱቁ ዱቤ መዝገብ የሚወጣው፣ የመሬቱ ነገር የሚነሣው፣ ልጁ ለትምህርት ቤት የአባቱን መታወቂያ አምጣ የሚባለው። ጎረቤት ደግሞ በቅንነት "በርቺ፣ ለልጆችሽ ስትይ ጠንክሪ" ይላታል። ከዚህ በላይ የሚያደክም ምክር የለም። በምን እንደምትጠነክር አይነግራትም።

ዛሬ በየአዳራሹና በየስልኩ የሚሰሙት አነቃቂ ንግግሮች ይህን ምክር በሌላ ልብስ አቅርበውታል። ሐዘንን ወደ ስኬት ቀይር፣ ስብራትህ ብርታትህ ይሁን ይላሉ። ብዙዎቹ የሐዘን "አምስት ደረጃዎች" የሚሉትንም እንደ ሕግ ያስተምራሉ። ኤሊዛቤት ኪዩብለር-ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 እነዚያን ደረጃዎች ስትጽፍ ያነጋገረችው ራሳቸው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማንን ነበር። ቤት የቀሩት ሐዘንተኞች በዚያ መሰላል እንዲወጡ የሚያስገድድ ነገር የለም። "ገና ንዴት ላይ ነህ፣ መቀበል ላይ አልደረስክም" እየተባለ የሚወቀስ ሐዘንተኛ በሌለ ፈተና ወድቋል ማለት ነው።

ከሐዘን በኋላ ይመጣል ስለሚባለው እድገት ከተጻፈው ውስጥ የምተማመንበት የሪቻርድ ቴዴስኪና የሎረንስ ካልሁን ሥራ ነው። ሁለቱ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1996 ሃያ አንድ ጥያቄ ያለው መለኪያ አሳተሙ። ከከባድ መከራ በኋላ ሰዎች ተለወጠብን የሚሉትን ነገር ይለካል፦ ከሰው ጋር ያላቸው ቅርበት፣ ያልታሰቡ አዳዲስ መንገዶች፣ በራሳቸው ያገኙት ጥንካሬ፣ እምነታቸው፣ ለሕይወት ያላቸው ግምት። አስተውለው የጻፉት ነገር በአነቃቂዎቹ ዘንድ ይዘለላል። ለውጡን የሚያመጣው ሞቱ ሳይሆን ከሞቱ ጋር የሚደረገው ረጅም ትግል ነው፤ ሥቃዩና እድገቱ ደግሞ አብረው ይኖራሉ። ያደገ ሰው ሐዘኑን የጨረሰ ሰው አይደለም። ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳስረዱት ደግሞ ሐዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል፤ አንድ ሰዓት ሟቹን ያለቅሳል፣ ሌላ ሰዓት ቧንቧ ያስጠግናል። ምልልሱ ጤና ነው። ሁለቱንም የሚፈቅድለት ሰው ይፈልጋል።

እዚህ ላይ እድገት ልለው የማልችለውን ነገር ልናገር። አባት ሲሞት የበኩር ልጅ ትምህርቱን ትቶ መርካቶ ይወርዳል፤ ታናናሾቹን ያስተምራል፣ እናቱን ይጦራል። አገሩ ሁሉ "ጎበዝ ልጅ፣ አባቱን ተካ" ይለዋል። ልጁ በእውነት ጎበዝ ነው። ሆኖም ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ላባቱ ያለቀሰበት ቀንም የለው። የጉራጌን የሥራ ወዳድነት የምናወድስ ሰዎች ይህን ልጅ በምሳሌነት ከመጥራታችን በፊት እንዳያቋርጥ ምን አደረግንለት ብለን መጠየቅ አለብን። ሸክም ስለተሸከመ አደገ ማለት ሸክሙን ለጫነበት ሁኔታ ምስጋና መስጠት ይሆናል።

ድርሻ ከሸክም የሚለየው በአቅም ልክ ስለሚሰጥና ሌላውም ከጎን ስለሚይዘው ነው። እንሰትን ብናይ፦ በጉራጌ ልማድ መቆፈሩ፣ መትከሉና ችግኙን ከቦታ ቦታ ማዛወሩ የወንድ ሥራ ነው፤ መፋቁ፣ ማብላላቱና ቆጮውን ማውጣቱ የሴት። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ ባል ሲሞት በጓሮው እሱ የተከለው ገና ያልደረሰ እንሰት ይቀራል። ሚስቲቱ ያንን እንሰት ከዓመታት በኋላ ትፍቃለች፤ የሱ እጅ ያረፈበትን ምግብ ልጆቿን ታበላለች። በዚያው መጠን ግን የሚቀጥለውን ማን ይተክለዋል የሚል ጥያቄ ይጠብቃታል። ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ ሊተክልላት ይችላል። አንዳንዷ ደግሞ "አሳየኝ" ብላ መቆፈሪያውን ትቀበለዋለች። የተከለላትም ያስተማራትም ሰው ያደረጉት ደግነት ነው፤ ሁለተኛው ግን በሚቀጥለው ዓመት ጓሮው ፊት ስትቆም የምትሆነውን ሰው ይለውጣል።

የዚህ ሁሉ ከባዱ ፈተና መስከረም ላይ ነው። መስቀል ለጉራጌ የዓመቱ መገናኛ ነው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳ የሄደው ሁሉ ይመለሳል፤ የወልቂጤና የቡታጅራ መናኸሪያ ይጨናነቃል። ሴቶች ዓመቱን በቅቤ እቁብ ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ፣ ወንዶች ለእርዱ ይቆጥባሉ። ከእርዱ በፊት የጎመን ክትፎ ምሽት አለ። በየጀፎረው፣ በመንደሩ መካከል በሚያልፈው ሰፊ የሣር ሜዳ፣ ሰው ከሰው ይገናኛል። ቤተሰብ ሁሉ በሚሟላበት በዚያ ሳምንት የጎደለው ሰው ቦታ ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ ይታያል። ሥጋውን ማን ይቆርሳል? ማን ይመርቃል? አምና የመረቀው አባት የለም።

ብዙ ሐዘንተኛ በመጀመሪያው መስቀል "ዘንድሮ ይቅርብኝ" ይላል፤ መብቱ ነው። ነገር ግን ምርቃቱ ወደ አንድ ሰው ይሸጋገራል። ታላቅ ወንድም፣ አጎት፣ አንዳንዴም እናት ራሷ ትመርቃለች። ያቺ እናት አባትየው ይላቸው የነበሩትን ቃላት ስትደግም ትንቀጠቀጥ ይሆናል፤ ግን ትጨርሳለች። ዴኒስ ክላስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ሐዘንተኛ ከሟቹ መቆረጥ አለበት የሚለውን አሮጌ አስተሳሰብ ተቃውመው፣ ግንኙነቱ መልክ ቀይሮ እንደሚቀጥል አሳይተዋል። ተዝካር የሚያወጣ፣ ሶደቃ የሚያደርግ ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፉን አልጠበቀም። ለጎረቤት የሚቀረው ትንሽ ነገር ነው፦ "እትዬ፣ የቅቤውን እቁብ ዘንድሮ አንቺ ያዢልን" ብሎ መጠየቅ። ገንዘብ ያዥ መሆን ሐዘን አያስረሳም። በየሳምንቱ ሰው በሯን እንዲያንኳኳ ግን ያደርጋል፤ የሚያንኳኳውም አዝኖላት ሳይሆን ጉዳይ ኖሮት ነው።

ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ አጣጥ ሆስፒታል አለ። በካቶሊክ ሕክምና መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተ ነው። በግቢው ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይጀምራቸው መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ አለው፤ ሀገሪቱ በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ከመሥራቷ ከብዙ ዓመት በፊት የተጀመረ። ወደዚያ እንዲመጡ ከሚመከሩት መካከል ከዚህ ቀደም በወሊድ ችግር የገጠማቸው፣ ልጅ ሞቶ የተወለደባቸው እናቶች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት 6,805 ሴቶች በማረፊያው ቆይተው ወልደዋል። ከነሱ መካከል ሞተው የተወለዱት ሕፃናት ከሺህ 18 ገደማ ነበሩ፤ በቀጥታ ከቤታቸው ከመጡት ዘንድ ግን ከሺህ 191። ልዩነቱ የሰፋው ከቤት የሚመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከከበደ በኋላ በሸክም ስለሚደርሱ ጭምር ነው።

ከቁጥሩ ጀርባ ያለችውን ሴት አስቧት። አንድ ልጅ ቀብራለች። በብዙ ቦታ ሞቶ ለተወለደ ሕፃን ድንኳን አይተከልም፣ አርባ አይወጣም፤ "ሌላ ትወልጃለሽ" ተብላ ዝም ትባላለች። ከሁሉም ሐዘን ይህ ነው እጅግ የተረሳው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ዳግም ስታረግዝ ቤቷን፣ ከብቷን፣ ትንንሽ ልጆቿን ለሌላ ሰው ትታ ለሳምንታት በማረፊያው ለመቆየት ትወስናለች። አማቷን ማሳመን ነበረባት፣ ስንቅ ማዘጋጀት ነበረባት። ያ ውሳኔ የሞተው ልጅ ያስተማራት ነው። እዚያም ጎኗ የተኛችውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዘች ልጅ ስለ ምጥ የምታስተምራት እሷው ትሆናለች።

ሐዘን ወደ ተቋም ሲያድግ ለማየት አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋል። አቶ ወንዱ በቀለና ወይዘሮ አምሳለ በየነ ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር አጡት፤ አራት ዓመቱ ነበር። በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ በሀገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከወልቂጤም ከቡታጅራም የተላከ ሕመምተኛ ተራ ይጠብቅ የነበረው እዚያው ነው። ድርጅቱ ሕሙማንን ከመደገፍ ባሻገር ስለ ካንሰር ያስተምራል፤ ለትምባሆ ቁጥጥር ሕግም ለዓመታት ተሟግቷል። በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል። ካፌ ውስጥ ያለ ጭስ ቡናችንን የምንጠጣ ሰዎች ለአንድ የአራት ዓመት ልጅ ወላጆች ሐዘን ባለ ዕዳ ነን። ወላጆቹ ልጃቸው በመሞቱ አተረፉ የሚል ሰው ቢኖር ስድብ ይሆንባቸዋል። ያደረጉት የልጃቸውን ስም በየቀኑ ሥራ ላይ መጥራት ነው።

ሁሉም ሐዘን ግን እንዲህ አይንቀሳቀስም። ልጁ ጅዳ ወይም ደቡብ አፍሪካ ሞቶ ሬሳው ያልመጣለት አባት አለ። መርዶው በንጋት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እንደ ወጉ ተነግሮታል፤ የሚያለቅስበት አፈር ግን የለውም። ከዓመት በኋላም የልጁን ስልክ ይሞክራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው የተራዘመ ሐዘንን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቧል፤ ከስድስት ወር በላይ የዘለቀ፣ የአካባቢው ባህልና ሃይማኖት ከሚጠብቀው ያለፈ፣ ሰውን ከሥራና ከኑሮ ያገደ ናፍቆትና ሥቃይ። የባህሉ ነገር መጠቀሱ ተገቢ ነው፤ እዚህ ዓመት ጥቁር መልበስ በሽታ አይደለም። ሥራ መሥራት ያልቻለ፣ እንቅልፍና ምግብ ያጣ፣ መሞትን የሚመኝ ሰው ግን ድርሻ ከመቀበሉ በፊት ሕክምና ያስፈልገዋል። ቡታጅራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። በሶዶ ወረዳም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በተካሄደው ፕራይም በተባለ መርሐ ግብር የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ድባቴን ለይተው እንዲያክሙ ሠልጥነዋል። ጸበሉንና ዱዓውን ሳይተዉ ጤና ጣቢያም መሄድ ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

እድሮች ሕግ አላቸው፤ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተው ያሻሽሉታል። በኤድስ ዘመን በአዲስ አበባ የነበሩ ብዙ እድሮች ከመቅበር አልፈው የታመሙትን መጠየቅና ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች መርዳት መተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ አስገብተው ነበር። የወልቂጤና የቡታጅራ እድሮች ዛሬ አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ እመኛለሁ። አርባው ካለፈ በኋላ የእድሩ ዳኛ ሁለት አባላትን ይመድብ፤ አንዷ ሴት ትሁን፣ ቢቻል ራሷም ባሏን ወይም ልጇን የቀበረች። በየወሩ እስከ ሙት ዓመቱ ወደ ሐዘንተኛዋ ቤት ይሂዱ። ልጆቹ ትምህርት ቤት መዋላቸውን ይጠይቁ፤ በኩሩ እንዳያቋርጥ መዋጮ የሚያስፈልግ ከሆነ ለጉባኤው ያቅርቡ። ስለ ሟቹ እንድታወራ ጊዜ ይስጧት፣ ስሙን ይጥሩ። ቤተሰቡ ሲዘጋጅ ደግሞ ከእድሩ ሥራ አንዱን እንዲይዝ ይለምኑት፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ፣ የመዋጮውን መዝገብ፣ ወይም በሚቀጥለው ለቅሶ የንፍሮውን ድስት።